አራስ ቤት ያለችው ሌላዋ ልጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ለወጣት ባለትዳሮች ነው፤ በተለይ ሁለተኛ ልጅ ላገኛችሁ፣ ወይም ወር ገብቶላችሁ ቀን ለምትቆጥሩ። አላህ የሰጣችሁን ይባርክላችሁ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ስለ አዲሱ ሕፃን መካሪ አላጣችሁም። እናት፣ አማት፣ ጎረቤት፣ ሐኪም ሁሉም ስለሱ ይነግራችኋል። እኛ ዛሬ ብዙ ሰው ስለማያነሳት ስለ ሌላዋ ልጅ እናውራ፤ ስለ ታላቂቱ። (ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ለአነጋገር እንዲመቸን ሴት እናድርጋት።)

እስቲ አስቡት። ሰው አራስ ሊጠይቅ ይመጣል። ፌስታሉን አንጠልጥሎ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ!» እያለ፣ በር ላይ የቆመችውን የሦስት ዓመት ልጅ አልፏት ወደ አልጋው ይሄዳል። ፌስታሉ ሲከፈት የሕፃን ልብስ ነው፣ ዳይፐር ነው፣ ፎጣ ነው። እሷ ጠጋ ብላ «የኔስ?» ትላለች። አንዱ ሊያስቅ ፈልጎ «አንቺማ በቃ፣ ወንበርሽን ተነጠቅሽ!» ይላታል። ቤቱ ይስቃል። እሷ ግን አትስቅም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቀልድና ቁም ነገር አይለይም፤ የሰማውን እንደሰማው ይወስደዋል። ማታ ላይ ጨቅላውን ቆንጥጣ ታስለቅሰዋለች፤ «ቀናተኛ!» ተብላ ትመታለች።

ማን ነው የበደለው?

ጨቅላው በነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚፈልገው ወተት፣ ሙቀት፣ እንቅልፍና ንጹሕ ጨርቅ ነው። እንግዳው አይቶት ይሁን አልፎት አያውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ አላህ የሚፈትነን በመጣው አማና ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ በእጃችን በነበረውም ጭምር ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ወላጅ በልጆች መካከል ዐድል (ፍትሐዊ) ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ የሚያበላልጠው የለውምና። ፈተናው የሚጀምረው ሁለተኛው በተወለደ ቀን ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኑዕማን ኢብኑ በሺርን (ረ.ዐ) ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። አባታቸው በሺር ለኑዕማን ለብቻቸው ስጦታ ሰጧቸው። እናታቸው ዐምራ ቢንት ረዋሓ ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካልመሰከሩበት አልወድም አሉ። አባትየው ሄደው ሲነግሯቸው ነብዩ የጠየቋቸው አንድ ነገር ነው፤ ለሌሎቹ ልጆችህም እንዲሁ ሰጥተሃል ወይ የሚል። አልሰጠሁም ሲሉ፣ አላህን እንዲፈሩና በልጆቻቸው መካከል እንዲያስተካክሉ አዘዟቸው። በሺርም ስጦታቸውን መለሱ።

ይህ ሐዲስ ስለ ንብረት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ንብረቷ ምንድን ነው? የእናቷ ጭን ነው። የአባቷ ትከሻ ነው። ሲነጋ ስሟን ቀድሞ የሚጠራት ድምፅ ነው። ሌላ ሀብት የላትም። ቀደምቶቻችን ይህ ገብቷቸው ነበር። ታቢዒዩ ኢብራሂም አን-ነኸዒ፣ ሰዎቹ በልጆቻቸው መካከል በመሳም እንኳ ማስተካከልን ይወዱ እንደነበር ተናግረዋል። በይሀቂይ ባስተላለፉት ዘገባ ደግሞ፣ አንድ ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ተቀምጦ ሳለ ወንድ ልጁ መጣ፤ ስሞ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሴት ልጁ ስትመጣ ግን ጎኑ አስቀመጣት። ነብዩም በሁለቱ መካከል ለምን አላስተካከልክም ብለው ወቀሱት። ለገንዘብ አልነበረም ወቀሳው፤ ለጭን ነው።

እርግጥ ነው፣ ዐድል ማለት ሁለቱን በአንድ ስፍር መስፈር አይደለም። ጨቅላው ሌሊትና ቀን ይጠባል፤ ሰዓቱን ቆጥራችሁ ለሷም ያንኑ ያህል ስጡ ማለታችን አይደለም። እሷ የምትጠይቀው እንዳልተረሳች ማወቅ ነው።

የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። ወንድሞቹ ተሰብስበው ሲመክሩ የተነሱት ከምን ነበር? ዩሱፍና ወንድሙ አባታችን ዘንድ ከኛ ይበልጥ የተወደዱ ናቸው ከሚል ስሜት ነው፤ ሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ነብይ ናቸው፤ በደሉ የሚል አማኝ የለም። ግን ያ ስሜት በልጆቹ ውስጥ ነበር፤ ወንድምን ጉድጓድ እስከመጣል አደረሳቸው። እናንተ «ሁለቱንም እኩል ነው የምወዳቸው» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ልጅ ግን ልብ ከፍቶ አያይም፤ የሚያየው ፊትን፣ እጅንና ድምፅን ነው።

በነብያችን ቤተሰብ ውስጥ ሁለተኛው ሕፃን የመጣው በቶሎ ነው። ብዙኃኑ የታሪክ ዘጋቢዎች እንደሚሉት ሐሰን የተወለዱት በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ሑሰይን ደግሞ በ4ኛው ነው። ዛሬ ቢሆን «ምነው ቸኮላችሁ!» በተባሉ ነበር። እናታቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ደግሞ ሠራተኛ ያልነበራቸው፣ ወፍጮ እየፈጩ እጃቸው የቆሰለ ሴት ነበሩ። አባታቸውን (ሰ.ዐ.ወ) ረዳት ሲጠይቁ የተሰጣቸው ሲተኙ የሚሉት ዚክር ነው፤ 33 ሱብሓነላህ፣ 33 አልሐምዱሊላህ፣ 34 አላሁ አክበር። ሌሊቱን በጨቅላ፣ ቀኑን በታላቂቱ የምትንገላታ እህት ይህን ዚክር አትርሺው። (ባልየው ግን «ዚክሩን በይ» ብሎ ተኝቶ እንዳያድር! ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ በቤተሰባቸው ሥራ ላይ ነበሩ ብለው ነው የመለሱት።)

እነዚያ ሁለት ሕፃናት ትንሽ ሲያድጉ የሆነውን ቡረይዳ (ረ.ዐ) ነግረውናል፤ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ኹጥባ እያደረጉ ሳሉ ሐሰንና ሑሰይን ቀይ ቀሚስ ለብሰው፣ እየተደናቀፉ መጡ። ነብዩ ንግግራቸውን አቋርጠው ወረዱ። ሁለቱንም አንስተው ከፊታቸው አስቀመጧቸው። ትንሹን ተሸክመው ትልቁን «አንተ በእግርህ ና» አላሉትም።

እኛ ግን ጨቅላ በተወለደ ማግስት የሦስት ዓመቷን «አንቺ'ኮ ትልቅ ሆነሻል» እንላታለን። ትናንት ሕፃን ነበረች። በአንድ ሌሊት ምን አሳደጋት?

ይህ ቃል ስንት ነገር ያበላሻል መሰላችሁ። ሽንቷን መናገር ከቻለች ቆይታለች፤ ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ግን አልጋ ላይ መሽናት ትጀምራለች። ጡጦ ይሰጠኝ ትላለች። እንደ ጨቅላ ትኮላተፋለች። ይህ ብልግና ወይም የጂን ነገር አይደለም፤ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ፣ በትዕግሥት የሚያልፍ ነገር ነው። ልጅቱ ያየችው ግልጽ ነው፤ በዚህ ቤት የሚታቀፈው የሚያለቅሰውና የሚሸናው ነው። ስለዚህ እሷም ሞከረችው። በቀበቶ ብትመቷት ጥርጣሬዋን ታረጋግጡላታላችሁ። አንሶላውን ቀይሩ፣ አቀፍ አድርጓት፣ አልፋችሁ ሂዱ።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትኩረት እስከምን ይደርስ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ነገር ላንሳ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) አቡ ዑመይር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ጡት ከተወ ብዙም ያልቆየ ልጅ። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበት። ነብዩ ልጁ አዝኖ ሲያዩት፣ እንደ ትልቅ ሰው በማዕረግ ስሙ እየጠሩ፣ ወፊቱ ምን ሆነች ብለው ይጠይቁት ነበር። ወሕይ የሚወርድላቸው፣ የመዲና ሸክም ሁሉ በትከሻቸው ላይ የነበረ ነብይ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው። እኛ ከሥራ ስንገባ ቀድመን የምንጠይቀው «ሕፃኑ ጠባ? ተኛ?» ነው። አሻንጉሊቷን ይዛ በር ላይ የጠበቀችንን ማን ይጠይቅላት?

አባት ሆይ፣ ይህ ጊዜ ያንተ ነው። ጨቅላው ከእናቱ ጋር ተጣብቋል፤ አንተን እምብዛም አይፈልግህም። ታላቂቱ ግን እጅህ ላይ ነች። ሱቅ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ። ከመግሪብ በኋላ ስልክህን አስቀምጠህ ሩብ ሰዓት ስጣት። ስትገባ ቀድመህ እሷን ሰላም በል፤ ከዚያ «ነይ ወንድምሽን እንየው» ብለህ አብራችሁ ሂዱ። አንቺም እናት፣ ዘወትር «ቆይ፣ ሕፃኑን ላጥባ» እንደምትያት ሁሉ፣ አንዳንዴ ጨቅላውን «ቆይ፣ የእህትህን ጸጉር ልሥራ» በይው፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። እሱ አይሰማሽም። የምትሰማው እሷ ናት።

ዐቂቃውም ለሷ በር ነው። የኡሙ ሱለይም ልጅ ዐብዱላህ በተወለደ ጊዜ ተሕኒክ እንዲደረግለት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተሸከመው ታላቅ ወንድሙ አነስ ነው፤ ተምሩም አብሮት ተልኳል። እናንተም በሰባተኛው ቀን በግ ካረዳችሁ የጎረቤቱን ድርሻ ከአባቷ ጋር እሷ ታድርስ። አቅም ከሌላችሁ ደግሞ ለመጀመሪያዋ ድል ያለ ድግስ ነበር ብላችሁ ለሁለተኛው ዕዳ ውስጥ አትግቡ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዐቂቃ ሱና ነው ይላሉ፤ ያልቻለ ሰው ወንጀል የለበትም።

አንዳንዶቻችሁ ሁለተኛው የመጣው ታላቂቱ ጡት ሳትተው ነው። በሰፈር ወግ ወዲያው ጡት ላይ ሬት ይቀባና ልጅቱ በአንድ ቀን ትቆረጣለች። ቁርኣን ማጥባትን ለማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ብሎ፣ ከዚያ በፊት ማስጣል ቢፈለግ እናትና አባት ተመካክረውና ተስማምተው እንዲሆን አድርጓል (2፡233)። ሱብሓነላህ! የአንዲት ሕፃን ጡት መተው ምክክር የሚፈልግ ጉዳይ ሆነ። ተመካከሩ፤ ሐኪምም ጠይቁ፤ ቀስ አድርጉት።

ስለ ሪዝቅ የምትጨነቁ አላችሁ፤ ጭንቀታችሁም ከንቱ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፤ «ልጅ ያለው ተከራይ አልፈልግም» የሚል አከራይ አለ። አላህ በሱረቱል አንዓም (6፡151) አሁን ላለው ድህነት ብለው ልጆቻቸውን የሚገድሉትን ሲከለክል፣ የወላጆቹን ሲሳይ አስቀድሞ የልጆቹን አስከተለ። በሱረቱል ኢስራእ (17፡31) ግን ድህነት ይመጣል ብለው ለሚፈሩት፣ የልጆቹን አስቀድሞ የወላጆቹን አስከተለ። ለነገ የምትሰጉለት ልጅ የራሱን ድርሻ ይዞ ነው የመጣው፤ ምናልባትም እናንተ በሱ ሰበብ ትበሉ ይሆናል። ሥራ ፈልጉ፣ ወጪ ቀንሱ፣ ግን ታላቂቱ ፊት «ይሄ ልጅ ሊያደኸየን ነው» አትበሉ። ነገ እሷም ትደግመዋለችና።

ሁለተኛዋም ሴት ሆና «አሁንም ሴት?» የተባላችሁ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ። አላህ ስለ ልጅ ስጦታው ሲናገር (42፡49) ሴቶቹን ነው ያስቀደመው። ሙስሊም ከአነስ እንደዘገቡት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ሴት ልጆችን እስኪደርሱ ድረስ ያሳደገ ሰው በቂያማ ቀን ከሳቸው ጋር እንዴት እንደሚመጣ ሲያሳዩ ጣቶቻቸውን አጣበቁ። ሁለት ነው ያሉት! እናንተ ከአንዷ ጋር ሳላችሁ ያልሞላውን ቁጥር ትናንት ማታ አላህ ሞላላችሁ፤ ሰውየው «አሁንም?» ይላችኋል።

ጠያቂ ሆናችሁ የምትሄዱም አደራ። ለጨቅላው የምትይዙት ሙሉ ልብስ ይሁን፤ ለታላቂቱ ግን አንድ ብስኩትም ቢሆን ያዙ። በር ላይ ስታገኟት ዝቅ ብላችሁ ሰላም በሏትና «ወንድምሽን ታሳይኛለሽ?» በሏት። እጃችሁን ይዛ ትወስዳችኋለች።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሶለዋት አብዙ። ዱዓእ ተቀባይነት የምታገኝበት ሰዓት አለችበት፤ ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ፈልጓት ይላሉ። በዚያች ሰዓት ለልጆቻችሁ በየስማቸው ዱዓእ አድርጉላቸው፤ ከታላቂቱ ጀምሩ። አጠገባችሁ አስቀምጧትና ስሟ ሲጠራ ትስማው።

ጁሙዓ ሙባረክ!