ሰማይ ይታረሳልን?

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። ከዚሁ ሕዝብ አንደበት የወጣ ሌላም ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ነው። የፊተኛው ኃይለኛን መድፈር የማይቻለው ተገዢ የተጽናናበት ቃል ነው። የኋለኛው ግን ሰው የሚያዝነው በጠፋበት ነገር ብዛት ሳይሆን ነገሩ በጠፋበት መንገድ መሆኑን ያስገነዝባል። በዳኛ ፊት ተሟግቶ የተረታ ሰው በቅሎውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያለ ፍርድ የተቀማ ሰው ግን በአንዲት ጭብጦ እንኳ እንቅልፍ ያጣል። ሁለቱ አባባሎች ሲገናኙ አንድ ከባድ ጥያቄ ይወልዳሉ። ጭብጦውን የቀማው ራሱ ንጉሡ፣ ወይም ከንጉሥ የበረታ የባዕድ መንግሥት ቢሆን ተበዳይ ወዴት ይሂድ?

በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ እስከ ዳኛው ደጅ አብረው ይሄዱ ነበር። ቋጠሮው ተራ ማሰሪያ አልነበረም። ባለጸጋውንና ድኻውን፣ ጌታውንና ሎሌውን ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እኩል የሚያደርግ ምልክት ነበር። በመንግሥታት መካከል ግን እንዲህ ያለ ቋጠሮ ለብዙ ዘመን አልታወቀም። የኢትዮጵያና የፋሺስት ኢጣሊያ ጉዳይ የዚህን ጉድለት መጠን በግልጽ ያሳያል።

ኢጣሊያ መርዛማ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ፈርማለች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከወረረች በኋላ ግን ያንኑ የከለከለችውን መርዝ በአውሮፕላን በሠራዊቱም በባላገሩም ላይ አዘነመች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤቱታቸውን ሲያሰሙ ከአዳራሹ ውስጥ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ማኅበሩም አቤቱታውን ከሰማ በኋላ በኢጣሊያ ላይ ተጥሎ የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። ከሳሽ ተገኝቷል፤ ማስረጃ ተገኝቷል፤ ችሎትም ተገኝቷል። የታጣው የተበዳይን ልብስ ከበዳይ ልብስ ጋር የሚቋጥር እጅ ነበር።

በደሉ በዚህ አላበቃም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ግቢ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማይቱ የደም ምድር ሆነች። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ይህን ጉዳይ ለሕግ ሰው አስደናቂ የሚያደርገው ማስረጃው ከገዳዩ እጅ መገኘቱ ነው፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን እንደ መልካም ሥራ ዘግቧል። ወንጀለኛ የማይጠየቅ መሆኑን እርግጠኛ ሲሆን ጥፋቱን አይደብቅም፤ ይመዘግበዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ የተቋቋመው ፍርድ ቤት ታላቅ መሠረተ ሐሳብ ተከለ። የአገር መሪ መሆን ከወንጀል አያድንም፤ «ታዝዤ ነው» ማለትም ነጻ አያወጣም ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማይ ሊታረስ የሚችል መሰለ። ኢትዮጵያም ይህንኑ መሠረተ ሐሳብ ይዛ ተነሣች። ነገር ግን የጦር ወንጀልን እንዲመረምር በአሸናፊዎቹ መንግሥታት የተቋቋመው ኮሚሽን የኢትዮጵያን ጉዳይ ለመቀበል ለረጅም ጊዜ አመነታ፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ጦርነት ከ1939 እ.ኤ.አ. በፊት የተደረገ፣ ስለዚህም ከዓለሙ ጦርነት የተለየ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ግን ጦርነቱ ለኢትዮጵያ የጀመረው ኢጣሊያ በወረረችበት ቀን መሆኑን አጸደቀ፤ ኢጣሊያም የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ሰዎችን ስም አቀረበች፤ ኮሚሽኑም ሊዘጋ ሲል ክሱ ለፍርድ የሚያበቃ መሆኑን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸሙት ወንጀል በዳኛ ፊት አልቆሙም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም ጥፋቱ ከጀርመኖች ጋር ማበሩ እንጂ የኢትዮጵያውያን ደም አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ።

ክሱ ስለምን ቀረ? የእንግሊዝ መንግሥት ለመተባበር ፈቃደኛ አልነበረም፤ አዲሱ የኃያላን ፉክክር ኢጣሊያን ወዳጅ አድርጓታልና። ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ በኤርትራ ጉዳይ የእነዚሁ መንግሥታት ድጋፍ ያስፈልጋት ነበር። ኋላም የካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራበት፤ ከግድቡም የኤሌክትሪክ ብርሃን ተገኘ። እዚህ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። መንግሥት ለሕያዋን ጥቅም ሲል የሙታንን ክስ መተው ይችላልን? በባላገሩ ልማድ የደም ካሣ የሚቀበለውም፣ ደመኛውን የሚምረውም የሟች ወገን ነበር፤ ሌላ ሰው ስለ እሱ «ምሬአለሁ» ቢል ቃሉ አይጸናም። ግድብ አገርን ይጠቅማል፤ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ስም ግን አይጠራም።

አንዳንዶች ዝምታውን ምሕረት ይሉታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ መናገራቸው የታወቀ ነው። ያ ቃል ብዙ ኢጣሊያውያንን ከበቀል አድኗል፤ የሚያስመሰግንም ነው። ይሁን እንጂ የማረኩትን ተራ ወታደር መማር አንድ ነገር ነው፤ ያዘዘውን ሹም ሳይጠይቁ መልቀቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ምሕረት የሚሰጠው ጥፋት ከታወቀ በኋላ ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ማን ይምረዋል? ፍርድ ያላገኘ በደል ምሕረትንም አያገኝም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በትውልድ መንደሩ አጠገብ በአፊሌ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሊቆም የቻለውም ስለዚህ ነው። ሐውልቱ ፍርድ ባልተሰጠበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።

ታዲያ የኢትዮጵያ ክስ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ለኮሚሽኑ የቀረቡት ቴሌግራሞችና የምስክር ቃሎች ታትመው ቀርተዋል፤ የኢጣሊያ መንግሥት መርዛማ ጋዝ መሠራቱን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደባባይ ሲያምን እውነቱ አስቀድሞ በሰነድ ይጠብቀው ነበር። ሁለተኛው ፍሬ ግን ከዚህ ይበልጣል። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ይህም በ1941 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ይህንኑ ወንጀል ደነገገች፤ እንዲያውም ስምምነቱ ያልጠቀሳቸውን የፖለቲካ ቡድኖች ጨመረችበት። ያን ጊዜ ሕግ አውጪው በልቡ ያሰበው የባዕድን ግፍ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አንቀጽ የተከሰሱት የአገሪቱ የራሷ ገዢዎች ሆኑ። በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው ችሎት ተቀመጡ፤ ከ12 ዓመት ሙግት በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ።

ፍርዱ በእርሳቸው ላይ አልተፈጸመም፤ ሸሽተው ወደ ገቡባት ዚምባብዌ አልደረሰምና። ሆኖም በእነዚያ እናቶችና በየካቲት 12 ሰማዕታት ቤተሰብ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። የፊተኞቹ ሐዘን ስም፣ ቁጥርና ውሳኔ አግኝቷል፤ የኋለኞቹ ግን ጭብጦ እስከ ዛሬ ያለ ፍርድ እንደ ሄደች ናት። ቅጣት የፍርድ ፍጻሜ ነው፤ መጀመሪያው ግን «ይህ በደል ነው፣ በዳዩም ይህ ሰው ነው» የሚል የዳኛ ቃል ነው። ያ ቃል ሳይነገር የቀረበት ሕዝብ ሁለት ጊዜ ተበድሏል።

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መቋቋሚያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው በሮም ነው፤ ግራዚያኒ ቴሌግራሙን በላከባት በዚያችው ከተማ። ሕጉ እንዲህ ያለው ወንጀል በዘመን ብዛት እንደማይሻር ይደነግጋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይፈርድም፤ ኢትዮጵያም ይህን ሕግ አላጸደቀችም። በጄኔቫ ቋጠሮ ፈልጎ ያጣ ሕዝብ፣ ልብሱን ከሌሎች ጋር ለመቋጠር ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የቀድሞ አቤቱታው ምን ያህል እውነተኛ እንደ ነበረ የሚለካበት ነው። ሕግን በሌላው ላይ ብቻ የሚመኝ ሰው የሚመኘው በቀልን ነው፤ የራሱን የልብስ ጫፍ አስቀድሞ የሚዘረጋ ግን ፍርድን ይሻል።