«ምን እያነበብህ ነው?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት ጥያቄ ላይመስል ይችላል። ሰው ለፈተና ሳይሆን፣ ለአገልግሎትም ሳይሆን፣ እንዲሁ ልቡ ወዶ የሚያነበው መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ ወንድሙ ቢጠይቀው እውነቱን መናገር ይገባዋልን? ወይስ የግል ጉዳይ ነውና እንደ መሰለው ቢመልስ ምንም አይደለም? እኔ ጥያቄውን አቅልዬ ያለፍሁ ሰው ነበርሁ። ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ክብ ሠርተን እንደ ተቀመጥን ሰብሳቢያችን «እስቲ እያንዳንዳችሁ በዕረፍት ጊዜያችሁ ምን እንደምታነቡ ንገሩን» አለን። አንዱ የመዝሙረ ዳዊትን ትርጓሜ ጠራ፤ ሌላዋ የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ጠራች። ተራው ለእኔ ሲደርስ በቦርሳዬ ውስጥ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ያቆምሁበትን ገጽ በአውቶቡስ ትኬት ምልክት አድርጌበት፣ መቼ ቤቴ ገብቼ እቀጥል ይሆን እያልሁ ነበር። እኔ ግን «ሃይማኖተ አበውን» አልሁ። በእርግጥ ሃይማኖተ አበው ቤቴ አለ፤ ከመግቢያው ግን አላለፍሁም ነበር። ከእኔ ቀጥላ የተቀመጠች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እኅታችን አንገቷን ደፍታ «እኔ ምንም አላነብም» አለች። እኛም ምንም ሳንላት አለፍናት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከክቡ ጠፋች። ከሁለት ወር በኋላ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋትና ለምን እንደ ቀረች ጠየቅኋት። «ወንድሜ፣ አንተ ያልኸውን መጽሐፍ ከአባቴ ዘንድ አግኝቼ ሞከርሁት፤ አሥር ገጽ መግፋት አቃተኝ። እኔ ማታ ማታ የማነበው ልብ ወለድ ነው። እናንተ መካከል መቀመጥ አፈርሁ» አለችኝ። የትኛውን ልብ ወለድ እንደ ሆነ ነገረችኝ፤ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ወድጄ ያነበብሁት ነበር። ያን ጊዜ ቦርሳዬን ከፍቼ በእጄ ያለውን አሳየኋት። መጽሐፉን አየች፤ እኔን አየች። «ታዲያ ያን ቀን ለምን እንዲያ አልህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእርስዋ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ራሴን ለማጽናናት ያሰብሁትን ልንገራችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ ብርቱው የሚበላው ነገር ደካማውን ወንድም የሚያሰናክል ከሆነ ቢተወው እንደሚሻል ያስተምራል። እኔም «የልብ ወለድ ስም በጉባኤ ብጠራ ታናናሾቼን አሰናክላለሁ» አልሁ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ውስጥ ሽንገላ አለ። ጳውሎስ ስለ ወንድሙ ሲል እስከ መጨረሻው እተወዋለሁ ያለው መብሉን ነው፤ እየበሉ አልበላሁም ማለትን አላስተማረም። ከዚህም በላይ እኅታችንን ያሰናከላት መጽሐፉ አልነበረም፤ የእኔ ቃል ነው። በሐሰት ከፍ አድርጌ የሰቀልሁትን መሰላል ልትወጣ ሞከረች፤ ባቃታት ጊዜ ጥፋቱን በራስዋ ላይ አደረገች። እኔ ራሴ ግን መሰላሉ ላይ አልነበርሁም።

ይህን ሳስብ የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ትዝ አለኝ (የሐዋ. ሥራ ምዕ. 5)። መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀሩ፤ የቀረውንም በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖሩ። ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ከፊሉን ስላስቀሩ አይደለም። መሬቱ ሳይሸጥ የእነርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው እንደ ነበረ ነግሮአቸዋል። ኃጢአታቸው ከፊሉን ሰጥተው ሁሉን የሰጡ መምሰላቸው ነበር። የእኛም እንዲሁ ነው። ከሳምንቱ ሁለት ሌሊት ለልብ ወለድ ብንሰጥ ማንም ባልከሰሰን ነበር። በደሉ የዕረፍት ሰዓታችንን በሙሉ ለቅዱሳት መጻሕፍት የሰጠን መስለን በወንድሞቻችን ፊት መቆማችን ነው።

«ነገር ግን ልብ ወለድ ማንበቡስ ራሱ ተገቢ ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አባቶችም በዚህ ጉዳይ ታግለዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ የአረማውያን ግሪኮችን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ለወጣቶች በጻፈው ምክር በንብ መስሎ ያስረዳል። ንብ በአበባ ሁሉ ላይ እኩል አታርፍም፤ ካረፈችበትም ለማሯ የሚሆነውን ወስዳ የቀረውን ትተዋለች። ባስልዮስ ራሱ በአቴና የተማረ ነበርና ምን እንዳነበበ አልደበቀም። ወጣቶቹን የሚመክረው ከዚያው ንባቡ ተነሥቶ ነው።

ሄሮኒሞስ ደግሞ በ384 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጻፈው ደብዳቤ ያየውን ሕልም ይተርካል። ምንም እንኳ እየጾመና ሌሊት እያለቀሰ ይጸልይ የነበረ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው የሮማውያንን ደራስያን መጻሕፍት ነበር። በሕልሙ በዳኛ ፊት ቆሞ ማንነቱን ቢጠየቅ «ክርስቲያን ነኝ» አለ። ዳኛውም ዋሽተሃል፣ አንተ የሮማዊው ደራሲ የቺቼሮ ሰው ነህ ብሎ አስገረፈው። ብዙዎች ይህን ታሪክ ልብ ወለድን ለመከልከል ይጠቅሱታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ሄሮኒሞስ የሚያሳፍረውን ንባቡን በገዛ እጁ ጽፎ ለአንዲት መንፈሳዊት ወጣት ልኮታል። ደብዳቤው የተላከላት ኤውስቶኪዮም ታላቁ መምህር እንኳ ይህ ትግል እንደ ነበረበት ዐወቀች። እኔ ለእኅታችን የነፈግኋት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ንባብን መደበቅ ከየት መጣ? በጥንት ዘመን ሰው የሚያነበውን መደበቅ ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን እያሰማ ያነብ ነበርና። የሕንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ሆኖ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስም ሲያነብ ሰምቶ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ጠየቀው። ባለሥልጣኑ ሰው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ከዚህ እውነተኛ መልስ የተነሣ በዚያው መንገድ ተጠመቀ። ሁሉን አውቄዋለሁ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሠረገላው ያልፍ ነበር፤ ፊልጶስም በመንገድ ይቀር ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት እንኳ አውግስጢኖስ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስዮስን ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ እንደ ልዩ ነገር ጽፎታል። በአገራችንም የንባብ ቤት ተማሪ ዳዊቱን ጮክ ብሎ ሲደግም ምን ገጽ ላይ እንዳለ መንገደኛው ሁሉ ያውቃል።

ዶሮ ማነቂያ ያደጉ እናቶቻችንም እንዲህ ያለ ንባብ ያውቁ ነበር። በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብርን» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርክ፣ በእናቴ ግቢ ሬዲዮ ያላቸው ጎረቤት መስኮታቸውን ከፍተው ድምፁን ከፍ ያደርጉት ነበር ትላለች። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል እኩል ያዝን ነበር። በማግሥቱ ቡና ላይ ስለ ጉዱ ካሣ ክርክር ይነሣል። ማንም ማንን «ምን እያነበብህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ሲበተን ያ ግቢም አብሮ ሄደ። ዛሬ ብዙዎቻችን ወደ ሰንበት ት/ቤት የምንመጣው ከከተማው ዳርቻ በአውቶቡስ ነው። የምናነበውም በስልካችን ወይም በቦርሳችን ተሸሽጎ ነው። በመስኮት የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ የቀረን መጠያየቅ ብቻ ነው። እርሱም ሐሰት ከገባበት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንተዋወቅም።

መደበቅ ሁሉ ግን ሐሰት ነው አላልሁም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ከገበያ ተሰብስቦ ታግዶ ነበር፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ጠፍቶ ቀረ። በዚያ ጊዜ መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኖ ያነበበ ሰው ሕይወቱን ጠበቀ እንጂ አልዋሸም። እኔ ግን በዚያ እሑድ የሚያስረኝ አልነበረም። የፈራሁት የወንድሞቼን ግምት ነው። ከሚጐዳን መሸሸግና ከሚወዱን ፊት ራስን ማስዋብ አንድ አይደሉም።

ደግሞም እውነቱን የሚናገር ሰው ምክርም ያገኛል። ያን ቀን «ፍቅር እስከ መቃብርን ነው» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ በወላጆቹ ስእለት ለእግዚአብሔር ስለ ተሰጠው ስለ በዛብህ ልጠይቅ እችል ነበር። ወላጅ የተሳለውን ልጅ ሊፈጽመው ይገባዋልን? ይህ እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ ነበር፤ በክቡ ውስጥም የሚመልሱ ታላላቆች ነበሩ። መጽሐፉን ስለ ደበቅሁ ጥያቄውም አብሮ ተደበቀ። የማይጠቅም መጽሐፍ ይዤ ቢሆንስ ኖሮ ማን ያስጥለኝ ነበር?

ስለዚህ ሰብሳቢያችን ያን ጥያቄ በድጋሚ እንዲጠይቀን እለምናለሁ። አሁንም መንፈሳዊ መጽሐፍ የሚያነብ ያንኑ ይናገር፤ ደስ እያለን እንሰማዋለን። ልብ ወለድ የሚያነብም ስሙንና የወደደበትን ምክንያት ይንገረን። ምንም የማያነብ «ምንም» ቢል ማንም አይሳቅበት። ከሁሉ በፊት ግን ታላላቆች ይጀምሩ፤ ታናናሾች የሚለኩት በእነርሱ ነውና።

እኔ በበኩሌ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብርን» ጨርሼ ለዚያች እኅታችን አውሼአታለሁ። ሃይማኖተ አበውን ደግሞ በየእሑዱ ማታ ጥቂት ጥቂት እያልን፣ ያልገባንን ለመምህራችን ምልክት እያደረግን ሁለታችንም ጀምረነዋል። ይህን ስጽፍ ገጽ 14 ላይ ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከሰንበት ት/ቤቱ አባላት አንዱ