የማን ስለት፣ የማን ጠባሳ?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ጡትን ከሎሚ ጋር የሚያመሳስል ስንኝ ስንቴ ተንትኛለሁ! «ለመሆኑ አይከብዳትም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አልነበረም። እኔም አስቤው አላውቅም። ያሳሰበችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያውም ኩሌ ላይ።

ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ድንበር ተሻግረው ለመጡ ሰዎች በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። የእህቴ ልጅ እዚያ ነርስ ናት። ልጠይቃት ሄጄ ማታ ልብስ ስትቀይር ትከሻዋን አየሁት፤ የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ቦይ ቆፍሮበታል። በዚያ ሙቀት ከጡቷ ሥር ቆዳዋ ይላጣል፤ አንገቷና ጀርባዋ እንቅልፍ ነስተዋታል።

«አክስቴ፣ በቀዶ ሕክምና ላስቀንሰው ነው፤ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው» አለችኝ። «እማዬ ግን ‹እግዜር የሰጠሽን በስለት ልታርሚ ነው?› ብላ አኩርፋኛለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ አፌ ላይ የመጣው «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ተረታችን ነበር። ዋጥኩት። አገሩን ለቆ በመጣ ሕዝብ መሃል እንዲህ ብሎ መተረት ነውር ነው። ደግሞስ የባሰ መኖሩ የማንን ሕመም አሽሮ ያውቃል? እሷ ራሷ በሥራዋ ላይ በጠና የታመመውን ሕፃን ታስቀድማለች፤ ጀርባዋን ያመማትን እናት ግን «አንቺንማ አያምሽም» ብላ አትመልሳትም።

በማግስቱ ጥላ ሥር ከተቀመጡ አንድ የኑዌር አዛውንት ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን። ግንባራቸውን ስድስት መስመሮች አቋርጠውታል። ኑዌሮች «ጋር» ይሉታል፤ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚቆረጥ ምልክት ነው። ልጁ ሲቆረጥ እንኳን ሊያለቅስ፣ ፊቱን ሊያጨማድድ አይገባም። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ትተውታል። ሩቅ ምን አስኬደኝ? የእናቶቻችን አንገትና ድድ በመርፌ ሲነቀስ «እግዜር የሰጠሽን» ያለ ማን ነበር? ማኅበረሰቡ ያዘዘው ስለት ክብር፣ ሴቲቱ ለገዛ ሕመሟ የመረጠችው ስለት ግን ቅንጦት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል የምትታየን የፊልም ተዋናይት ናት፤ የካቲት 12 ሆስፒታል ግን በዚሁ ሙያ በእሳት የተቃጠለ ሰው ይታከማል።

ይህን ስል ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ትተኛለች። ስቡ፣ እጢውና ትርፍ ቆዳው ይወጣል፤ የጡቱ ጫፍ ወደ ላይ ይዛወራል። ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት የለም፤ እብጠቱ ጨርሶ እስኪጎድል ወራት ይፈጃል። ጠባሳው በዓመት ውስጥ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ አብጦ ገመድ የሚመስልበት ጊዜ አለ። የጡቱ ጫፍ ሊደነዝዝ ይችላል። ከወሊድ ወይም ከውፍረት በኋላ ጡቱ መልሶ ሊያድግ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ስትወልድ ወተቱ ሊያንስ ወይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። የእህቴ ልጅ ገና አልወለደችም።

እናቷ ያኮረፈችው በእግዜር ስም ይሁን እንጂ፣ ፍርሃቷ ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ወሳኙ ግን የሚከብዳት ሰው መሆን አለባት። ፈቃድ ማለት ዋጋውን አውቆ መክፈል ነውና፣ «መጀመሪያ ሐኪሙን ስለ ማጥባት፣ ስለ ጠባሳው፣ ስለ መደንዘዙ ጠይቂ፤ ከዚያ የወሰንሽውን እኔ አብሬሽ ነኝ» አልኳት።

አዲስ አበባ ስመለስ ለእህቴ ደወልኩላት። ስለ እግዜርም ስለ ሰው ወሬም ብዙ አለች። ስትጨርስ፣ «ለመሆኑ ያምሻል ወይ ብለሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። አልተቋረጠም።