ውዝዋዜው የማን ነው?

በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ቄጠላ ሲጨፈር ‹‹ይህን ማን ፈጠረው?›› ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ራሱ ነውር ይመስላል፡፡ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበውም በሲዳማ ሕዝብ ስም እንጂ በአንድ ሰው ስም አይደለም፡፡

ዘመናዊ ዳንስ ግን ያለ ስም አይቆምም፡፡ ሦስት አራት ጀማሪ አቀናባሪዎች በአንድ ምሽት ሥራቸውን ሲያቀርቡ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታተመው ስማቸው ነው፡፡ ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ የቄጠላን እርምጃ ቆርሶ፣ አዘግይቶ፣ ያለ ዜማ በዝምታ ቢያስጨፍረው ፈጠረ እንበል ወይስ ወሰደ?

እኔ ማዘግየቱም ፈጠራ ነው ባይ ነኝ፡፡ ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፡፡ በአዲስ አበባ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ውስጥ የሠለጠነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲማር ተመርጦ ነበር፤ የመምህሩ ስም ዛሬም ከታሪኩ ጋር ይነሳል፤ ተገቢም ነው፡፡ እርምጃን ከሲዳማ ሽማግሌ የተማረ ወጣት ግን ‹‹ከባህላዊ ውዝዋዜ የተወሰደ›› ብሎ ቢያልፍ ማንም አይቆጣም፡፡ የውጭው መምህር ሰው ነው፤ የአገሩ መምህር ‹‹ባህል›› ሆኖ ይቀራል፡፡ ስለ ክፍያውማ ማን አንስቶ!