ማየት ስለቻልን ብቻ ማየት ይፈቀድልናል?



በውጭ አገር ባሉ ማኅበሮቻችን የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ ሥራው ብዙውን ጊዜ ለወጣት ይሰጣል። አባቶች «አንተ ትችልበታለህ፣ ይህን ዋይፋይ አስተካክልልን» ይላሉ፤ ልጁም የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይቀበላል። ቁልፉን የሰጡት ሰዎች ግን ምን ያህል እንደሰጡ ሁልጊዜ አያውቁም። ስለዚህ ጥያቄው የሚነሳው ለተቀባዩ ነው፦ አንድ ሰው ማየት ስለቻለ ብቻ ማየት ይፈቀድለታል?

መጀመሪያ የሚታየውን እንለይ። ቤታችን ያለው ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳጥን ነው። በመስጂድ ወይም በማኅበር ሕንፃ ግን በርካታ አክሰስ ፖይንቶች በየጣሪያው ይሰቀላሉ፤ ሁሉም ከአንድ ኮንትሮለር ትእዛዝ ይቀበላሉ። ኮንትሮለሩን የከፈተ ሰው የትኛው ስልክ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ በየትኛው አክሰስ ፖይንት እንደተገናኘና ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ ያያል። አንዳንዱ ስልክ የባለቤቱን ስም ይዞ ስለሚመጣ ማን እንደሆነ ማወቅም አይከብድም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ በመሆኑ በውስጡ የተጻፈው አይነበብም። የድረ ገጹ ስም ግን ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ስልኩ አድራሻ የሚጠይቅበት ዲኤንኤስ በተለምዶ ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው።

ስሙ ብቻ ቢታይ ምን ችግር አለው? እንበልና አንዲት እህት ስለ ፍቺ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድረ ገጽ ከፈተች። አንድ ወንድም ስለ ድብርት ሕክምና እያነበበ ነው። አንድ አባት ከሥራ ወጥቶ ለማንም ሳይናገር ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ምስጢራቸውን ለመገመት የድረ ገጹ ስም ይበቃል። ማኅበረሰባችን ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ዛሬ ዝርዝሩን ያየው ሰው ነገ በሠርግ ላይ አብሯቸው ይቀመጣል።

«እኔ ታማኝ ነኝ፤ ባይም አልናገርም» የሚል ይኖራል። ታማኝነት ግን ዝም ማለት ብቻ አይደለም። «አበቦቼን ውሃ አጠጣልኝ» ብሎ የቤቱን ቁልፍ የሰጠህ ጎረቤት መሳቢያውን እንድትከፍት አልፈቀደልህም። ምንም ሳትወስድ ብትዘጋውም አደራው ተነክቷል። በሱረቱል ሑጁራትም ሰውን መሰለልና ማማት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተከልክለዋል። ስለዚህ ያየውን ያላወራ ሰው ከሁለተኛው ዳነ እንጂ ከመጀመሪያው አልዳነም።

ከበድ ያለው ክርክር የሚመጣው ከወላጆች ነው፦ «ልጆቻችንን ከመጥፎ ገጾች መጠበቅ የለብንም?» አለብን። ነገር ግን መከልከልና መከታተል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎጂ ገጾችን የሚያግድ ዲኤንኤስ ማድረግ ይቻላል፤ ማን ምን ሊከፍት እንደሞከረ ሳይመዘግብ ለሁሉም እኩል ይዘጋል። በሩን መዝጋት ከበቃን፣ ማን በሩን እንደነካ የሚጽፍ ዘበኛ ለምን እንጨምራለን? ልጅም ቢሆን በግልጽ በተነገረው ደንብ ይታነጻል፤ በስውር እንደሚታይ ሲያውቅ ግን መደበቅን ይማራል።

መቻልና መፈቀድ የሚለያዩት በማየት ብቻ አይደለም። ኮንትሮለሩ የሁሉንም አክሰስ ፖይንት ጉልበት እስከ መጨረሻው ከፍ ለማድረግ አይከለክልም። አየሩ ግን የጋራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። እኛ ስንጮህ በአጠገባችን አፓርታማ ያለው ጎረቤት ይቸገራል። ለእኛም ብዙ አይጠቅመንም፤ የስልክ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አክሰስ ፖይንቱን ከሩቅ ቢሰማም መልሱ ተመልሶ አይደርስም። ጉልበቱን መቀነስና አክሰስ ፖይንቶቹን በአግባቡ ማከፋፈል ለጎረቤትም ለእኛም ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ታማኝ ሰው በራሱ ታማኝነት ብቻ አይተማመንም፤ ሲስተሙን ራሱንም በሚገድብ መንገድ ያዋቅረዋል። ነገ ቁልፉን የሚረከበው ሌላ ሰው ነውና።

የእንግዶችን ኔትወርክ ከቢሮው ለዩ፤ የእንግዶች ስልኮችም እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ የሚመዘግበውን ክፍል ካላስፈለገ አጥፉት፤ የሚቀረው መዝገብም ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱን እንዲሰርዝ አድርጉ። ለቢሮ ሠራተኞች አንድ የጋራ ፓስወርድ ከመስጠት ለእያንዳንዱ የየራሱን ስጡ፤ አንዱ ሲለቅ የእርሱ ብቻ ይዘጋል። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ማን ምን እንደቀየረ እንዲታወቅ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይግቡ። አውሮፓ ለምትኖሩት ጉዳዩ የሕግም ነው፤ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የአይፒ አድራሻን የመሰለ መለያንም የግል መረጃ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ፓስወርዱን የሰጧችሁን አባቶችና እናቶች አስቀምጣችሁ በሚገባቸው አማርኛ አስረዷቸው። ይህ ቁልፍ ምን ያሳያል? ምን እንዲመዘገብ ትፈልጋላችሁ? ለስንት ቀን? ማን ይየው? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። ሰጪው የሰጠውን ሲያውቅ ነው አደራው ሙሉ የሚሆነው።

አላህ አደራቸውን ከሚወጡት ያድርገን።