ለልጆች ጨዋታ ዳኛ መሆን ለሚወድ ወጣት

አንባቢ ሆይ፤ ዳኛ ቢሳሳትና መሳሳቱን ወዲያው ቢያውቅ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን የምጠይቅህ ስለ ታላላቅ ችሎቶች አይደለም። በአሜሪካ አገር ልጆች ስለሚጫወቱት ስለ ቤዝቦል፤ በዚያም ጨዋታ ለመፍረድ ስለሚነሣ ወጣት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስልህ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ታገሠኝ።

ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ማኅበር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ ግዛት በዊልያምስፖርት ከተማ በካርል ስቶትዝ ተመሠረተ። በዚያ ከተማ አጠገብ በየዓመቱ በሚደረገው የዓለም ውድድር የሚፈርዱት ዳኞች ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ጨዋታውን ላላየ ሰው ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው ልጅ ከ46 ጫማ ርቀት ላይ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺውም ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። በመቺው አጠገብ በመሬት ላይ ወርዱ 17 ኢንች የሆነ ነጭ ሰሌዳ አለ። ኳሱ በዚህ ሰሌዳ ላይ፤ ከመቺው ብብት በታች ከጉልበቱም አናት በላይ ቢያልፍ፤ መቺው ዱላውን ባያነሣ እንኳ ስትራይክ ይባላል፤ ከዚያ ውጭ ቢያልፍና መቺው ባይሞክረው ቦል ይባላል። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል፤ አራት ቦል ግን ወደ መጀመሪያው ቤዝ ያሳልፈዋል። ይህን የሚለየው ከያዡ ልጅ ኋላ ጭንብል አጥልቆ የሚቆም ዳኛ ነው፤ ፈጣን ኳስ ከእጅ ወጥቶ እስኪደርስም ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው።

ልብ በል፤ የመለኪያው ከፍታ እንደ ልጁ ቁመት ይለያያል። ለረጅሙ ልጅ ስትራይክ የሆነው ኳስ ለአጭሩ ቦል ሊሆን ይችላል፤ ይህም አድልዎ አይደለም። አንዳንዱ ብልኅ ልጅ ስፍራውን ለማጥበብ እጅግ ጎንበስ ይላል፤ ሕጉ ግን እንደ ተፈጥሮ አቋሙ ይለካ ይላል።

አዲስ ዳኛ ከሚማራቸው ነገሮች ፊተኛው መቆየት ነው። ኳሱ ከያዡ ጓንት እስኪገባ ድረስ ዐይንህ ይከተለው፤ ከዚያም አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይተህ ፍረድ ይሉታል። በመጀመሪያው ቤዝ አጠገብ ሲቆም ደግሞ ዐይኑን በሯጩ እግርና በቤዙ ላይ ይተክላል፤ ጆሮውን ግን ኳሱ ጓንት ሲመታ ለሚሰማው ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ በዐይን ማየት አይቻልምና። የሚቸኩል ዳኛ የሚፈርደው ያየውን ሳይሆን ይሆናል ብሎ የጠበቀውን ነው። እኔ ራሴ በዕለት ኑሮዬ ከጓንቱ ድምፅ በፊት በስንት ሰው ላይ እንደ ፈረድሁ ብቆጥር አፍራለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የልጆች ጨዋታ ስድስት ዙር ነው፤ በስድስተኛው ዙር ወጣቱ ዳኛ ከጉልበት በታች ያለፈውን ኳስ ስትራይክ አለ እንበል። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ መሳሳቱን ዐወቀ። መቺው የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ዘወር ብሎ ተመለከተው፤ ምንም አልተናገረም። ከአጥሩ ኋላ ግን አባቱ ጮኸ። በዚህ ጊዜ አንድ ፈተና ርኅራኄ መስሎ ወደ ዳኛው ይመጣል፤ የሚቀጥለው ኳስ መልካም ቢሆንም ቦል ልበለውና የበደልሁትን ልጅ ልካሰው ይላል። ብዙ ደግ ሰዎች በዚህ ወድቀዋል።

ነገር ግን ወርዋሪው ልጅ ምን በደለ? እርሱም ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ኳሱንም እንደ ተማረው አስተካክሎ ወርውሯል። በመጀመሪያው ጊዜ ዳኛውን ያሳተው ዐይኑ ነበር፤ በሁለተኛው ግን እያወቀ ሐሰት ተናገረ። ለአንዱም ለሌላውም አንድ አንድ ተሰጠ፤ ሒሳቡ ተካከለ የሚል ቢኖር፤ ልጆቹ ወደ ሜዳ የመጡት ሒሳብ ሊያካክሱ እንዳልሆነ ልንገረው። ከዚያ ወዲያ መቺውም ወርዋሪውም ስትራይክ ምን እንደ ሆነ አያውቁም፤ ዳኛውም ለሁለተኛው ሐሰት ሦስተኛ ካሳ ይፈልግለታል።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ሕጉ በማየት የሚፈረደው የዳኛ ፍርድ የመጨረሻ ነው ይላል፤ በሚጠራጠር ጊዜ ግን በተሻለ ስፍራ የቆመውን ባልንጀራውን ዳኛ ሊጠይቅ ይችላል። ለመጠየቅ የማይፈቅድ ዳኛ ክብሩን ከልጆቹ አስበልጧል። የሚጠየቅ ባይኖር ግን ስሕተቱን ተሸክሞ የሚመጣውን ኳስ እንደ አዲስ ሊያየው ይገባል፤ ይህም ከሁሉ የከበደ ነው።

በአዋቂዎቹ ጨዋታ የሆነውን ስማ። በ2010 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በሰኔ 2 ቀን፤ በዲትሮይት ከተማ አርማንዶ ጋላራጋ የተባለው ወርዋሪ 26 መቺዎችን አንዱንም ወደ ቤዝ ሳያደርስ አስወጣ። አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ያን ቢያስወጣ ከብዙ ሺህ ጨዋታዎች በጥቂቶቹ ብቻ የተገኘውን ክብር ያገኝ ነበር። ዳኛው ጂም ጆይስ ግን 27ኛው መቺ ወደ ቤዝ ቀድሞ ደርሷል ብሎ ፈረደ። ከጨዋታው በኋላ ምስሉን ባየ ጊዜ መሳሳቱን በሁሉ ፊት አመነ፤ ጋላራጋንም እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው። በማግሥቱ የቡድኑን የስም ዝርዝር ለዳኛው ይዞ የወጣው ጋላራጋ ራሱ ነበረ፤ ጆይስም ዕንባውን ጠረገ፤ ጨዋታውም ተጀመረ። የቀድሞው ፍርድ ግን በመዝገብ እንዳለ ቀረ።

የልጆች ዳኛ እንዲህ ያመነ እንደ ሆነ ይናቃል የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወደ ልጁ ቀርቦ፤ ያ ኳስ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ተሳስቻለሁ ቢለው፤ ልጁ ታላቅ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል።

አንተም ከአጥሩ ኋላ የምትቀመጥ ወላጅ ብትሆን፤ የምትጮኽበት ዳኛ ብዙ ጊዜ የዐሥራ አራት ወይም የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሆኑን ተመልከት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሥራውን የሚተዉት ከስድብ የተነሣ ነው። የቀረው ግን ኪሱ ውስጥ ካለው ትንሽ ብሩሽ ጋር ወደ ፊት ይመጣል፤ ጀርባውን ወደ ሜዳው፤ ፊቱንም ወደ አንተ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ ከሰሌዳው ላይ አፈሩን ይጠርጋል፤ ወርዋሪውም ኳሱን ይዞ ይጠብቀዋል።