የርኆቦት መንገደኞች

በዚህ በዋሽንግተንና በአካባቢው ተበትነን የምንኖር ኢትዮጵያውያን፥ አንዳንዶቻችን ሌሊቱን በሆስፒታል አንዳንዶቻችን ቀኑን በታክሲ መሪ ላይ አሳልፈን፥ በድካማችን መካከል አንዲት የዕረፍት ቀን ስናገኝ ከትዳር ጓደኛችን ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ወርደን ቢራ ብንቀምስ ነውር እንዳይደለ አስቀድሜ ልናገር እወዳለሁ፤ ስለዚህ ነገር ልጽፍ መነሣቴ በተሰማ ጊዜ «ቢራ ሊከለክሉን ነው» የሚል ወሬ ቀድሞኛልና። አልከለክልም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኛም የእናቶቻችንን ጠላና ጠጅ እያየን ያደግን ነን። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ግንቦት፥ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ፥ በተክሊል ከተጋቡ ሰባት ዓመት የሆናቸው ሁለት የንስሐ ልጆቼ ቤቴ መጥተው በአንድ ቅዳሜ ወርደው የተመለሱበትን መንገድ አወጉኝ፤ ታሪኩንም ለጉባኤው እንድናገረው ሁለቱም ፈቅደውልኛል። ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው፥ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በታላቁ ድልድይ ተሻግረው፥ ሦስት ሰዓት ያህል ነድተው በዴላዌር ግዛት ወዳለችው ወደ ርኆቦት ደረሱ። ስሟ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ ይስሐቅ ሁለት የውኃ ጕድጓድ ቆፍሮ በሁለቱም የጌራራ እረኞች ከተጣሉት በኋላ፥ በሦስተኛው ጠብ ባጣ ጊዜ «ስፋት» ብሎ የሰየመው ጕድጓድ ስም ነው። ከተማዪቱንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. የመሠረቷት በባሕሩ ዳር የጸሎት ጉባኤ ያደርጉ የነበሩ ሜቶዲስቶች ናቸው። በዚሁ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ዶግፊሽ ሄድ የተባለው ጠማቂ በዚያው ከተማ ቤቱን ከከፈተ ወዲህ ደግሞ በርኆቦት፥ በሉዊስና በሚልተን ዙሪያ በየራሳቸው ብልሃት ጠምቀው እዚያው የሚያስቀምሱ ቤቶች በዝተዋል፤ ጎብኚውም ከአንዱ ዳርቻ ወደ አንዱ ቤት፥ ከቤቱም ተመልሶ ወደ ዳርቻው ሲል ይውላል።

በዚህ ነገር ሦስት ምክር ልሰጣችሁ አስቤ ነበር። አንደኛው ስለ መጠን ነው። በእነዚያ ቤቶች ቢራው በእንጨት ሳንቃ ላይ በተደረደሩ አራት ትናንሽ ብርጭቆዎች ይቀርባል፤ አንዱ ገለባ የመሰለ፥ አንዱ እንደ ጠላ የጠቈረ፤ አራቱ ቢደመሩ ግማሽ ሊትር አይሞሉም። ነገር ግን ከመቶው 9 እጅ አልኮል ያለበት ብርቱ ጠመቃ ሲሆን ያ ትንሽ የሚመስለው ከሁለት ጠርሙስ ተራ ቢራ ይበልጣል። ባልየው በሦስት ቤት ዐሥራ ሁለት ብርጭቆ ቀመሰ። ሁለተኛው ምክሬ ስለ ጊዜ ነበር፤ ግን ሚስቲቱ የተናገረችው ነገር ከአሳቤ አስወጣኝና ወደ እርስዋ ልመለስ።

በመጀመሪያው ቤት በር ላይ ባልየው የመኪናውን ቍልፍ ከኪሱ አውጥቶ በመዳፏ ላይ አስቀመጠ፤ አንድ ቃልም አልተነጋገሩም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበርና። እርስዋ በሦስቱም ቤት ሎሚ የተጨመረበት ውኃ ጠጣች። «አባ፥ እኔም እኮ መቅመስ እወዳለሁ» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ ባልዋ ቀና ብሎ አያት፤ አዲስ ነገር እንደ ሰማ ሰው።

ወንዶች ሆይ፥ ስሙኝ! ሴቶችም ብትሆኑ፥ በወንድማችሁ ወይም በታናሽ እኅታችሁ ትከሻ ላይ የምትዝናኑ ሁሉ፥ ስሙኝ። ያንዱ ደስታ በሌላው ንቃት ላይ ቆሞ ሳለ፥ ነቅቶ የሚጠብቀንን ሰው እንደ ወንበር፥ እንደ መብራት መቍጠራችን፥ መጠጡ ካመጣብን ስካር ይልቅ የከፋ ስካር ነው። በማኅበራችንም አየዋለሁ፤ ዝክሩን በልተን ጠጥተን ስንመራረቅ ከወጥ ቤት ያልወጣችው እኅት ትረሳለች፤ በሰርጉም ሌሊት ሕፃናቱን ሰብስባ ያስተኛችውን «ጠጣሽ ወይ? በላሽ ወይ?» የሚላት የለም። በእናቶቻችን ሥርዓት ግን እንዲህ አልነበረም። ጠላ የምትቀዳዪቱ ከማንቆርቆሪያው ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር፤ ይህም ጠጪው እንዲያምናት ነው፤ ግን እኔ ሕፃን ሆኜ ሳየው፥ የመጀመሪያዪቱ ጠብታ የአገልጋዪቱ ድርሻ እንደ ሆነች ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

በርኆቦት አጠገብ በኬፕ ሄንሎፐን፥ በአሸዋው ኮረብታ መካከል፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የጀርመንን መርከብ ይጠባበቁባቸው የነበሩ ረዣዥም የሲሚንቶ ማማዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ባልና ሚስቱ ከአንደኛው ላይ ወጥተው ነበር፤ ባልየውም ሳይተኙ አገር የጠበቁትን ሰዎች እጅግ አደነቀ። ቤተ ክርስቲያናችን መላእክትን ትጉሃን ብላ የምትጠራቸው ስለማያንቀላፉ እንደ ሆነ ያውቃል፤ እኔ ነኝ ያስተማርሁት። በዚያው ቀን አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችውን ትጉህ ግን አላያትም።

እርሱ በሦስተኛው ቤት ሳለ እርስዋ ብቻዋን ወደ ሉዊስ ዳርቻ ወረደች። በግንቦትና በሰኔ ማዕበሉ ሲሞላ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ልብድ ያላቸው ሸርጣኖች እንቍላላቸውን ሊጥሉ ከዴላዌር ባሕረ ሰላጤ ይወጣሉ፤ ሴቲቱ አሸዋውን እየቧጠጠች ስትወጣ ወንዱ ከኋላዋ ተጣብቆ እየተጐተተ ይመጣል። ማዕበሉ የገለበጣቸው ራሳቸውን ማቅናት ሲሳናቸው በፀሓይ ይሞታሉ። እርስዋም ጫማዋን አውልቃ፥ ጅራታቸው እንዳይጐዳ በልብዳቸው ጠርዝ እየያዘች፥ አንድ በአንድ ገልብጣ ወደ ውኃው መለሰቻቸው። «ስንት አዳንሽ?» ብላት «አልቈጠርሁም፥ ጀርባዬ እስኪደክም ነው» አለችኝ።

ሲመለሱ ሌሊት ነበር። ያ የቼሳፒክ ድልድይ ርዝመቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፥ ከፍ ባለበትም ከውኃው ከ50 ሜትር በላይ ነው፤ መንዳት ከመፍራታቸው የተነሣ ገንዘብ ከፍለው በሌላ ሰው እጅ የሚሻገሩ አሜሪካውያን እንኳ አሉ። ሚስቲቱ ከፍታ ትፈራለች። ጠዋት ሲሻገሩ እርሱ ስለ ነዳ ዐይኗን ጨፍና ነበር። አሁን ግን ባልየው ወንበሩን አስተኝቶ አንቀላፍቷል፥ ነፋሱ መኪናውን ይገፋል፥ የከባድ መኪኖች መብራት ከኋላ ይመጣል፤ ማዶ ደርሳ ዳር ይዛ በቆመች ጊዜ ጣቶቿ ከመሪው አልላቀቅ ብለዋት በአንዱ እጅ ሌላውን ፈለቀቀች።

ባልየው ይህን የሰማው በእኔ ቤት፥ በዚያች ሰዓት ነው።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አላት።

«ብትነሣስ? አንተ መንዳት አትችል።»

«ታዲያ እንዴት ተሻገርሽ?»

«ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ሳልጨርስ አለቀ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ባለቤቴ ያፈላችው ቡና በጀበናው ውስጥ ነበር፤ ባልየው ተነሥቶ፥ ቀድቶ የማያውቅ እጁ እየተንቀጠቀጠ፥ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ጥቂት አፍስሶ ቀዳ። በልማዳችን የመጀመሪያው ሲኒ የካህኑ ነው። እርሱ ግን በእኔ ፊት አልፎ ለሚስቱ ሰጣት፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።